በሃያ ስምንት ማይል የተወለደው

ሊሞን፣ ማርች 6 ቀን 1938

ለልጄ ለኬፋ ብራምዌል፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ደሴት ድረስ ይምጣልህ። እኔ በቸርነቱ አለሁ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ሊሞን ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ስለሌላት ጉልበቴም ዝም የሚልበት ቀን የለውም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው። መርከብ ዘግይቶ ነው ብልህ ታምነኝ ነበር። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ጀመርኩት፣ ቀደድኩት፣ እንደገና ጀመርኩት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል እንደማያልፍ ታውቃለህ፤ እጄን የያዘው ግን የትምህርት ማነስ አይደለም። ይቅር በለኝ።

መያዝህን አስቀድመን የሰማነው ከጋዜጣ ነው። «የአፍሪካ ልጆች ማኅበር መሪ ብራምዌል ከአሜሪካ ሊባረር ነው» ይላል። በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ እኔ ሳነብ፣ ሚስ ኤዝሜ «ማን ነው የታሰረው?» ብላ ጮኸች፤ ጆሮዋ እንደምታውቀው ነው። «ኬፋ! የኬቱራ ልጅ!» አልናት። «እሱማ ከልጅነቱም አፉን መዝጋት አያውቅም» አለች። ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሊስቅ አልቻለም።

አገሩ እንዴት ነው ብለሃል። ሙዙ በበሽታ ደረቀ። የሙዝ ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ወዲያኛው ውቅያኖስ ዳርቻ ሄደ፤ እኛ እንዳንከተለው ቀለማችን በሕግ ተከለከለ። የቀረነው ካካዎ እንለቅማለን፣ ኤሊ እናጠምዳለን፣ እሁድ እሁድ እንዘምራለን።

ስለ ባለቤቴ ስለ ዶርካስ የጻፍከውን አንብቤ አለቀስኩ። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። አሁንም ጸሎት ስጨርስ «አሜን» የሚለውን ድምፅዋን ስለምጠብቅ ትንሽ ዝም እላለሁ። ከዚያ ራሴ እለዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው። «እናቴ ከጃማይካ መጥታ ከመርከብ ስትወርድ እኔን ታቅፋ እንዳዩ በመሐላ ይጻፉልኝ፤ ያን ጊዜ እንግሊዞቹ ጃማይካ እንድገባ ይፈቅዳሉ» ብለሃል። ልጄ፣ አላየሁም። ያላየሁትን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ መማል አልችልም። ለምን እንዳላየሁ የምነግርህ ነገር አለ፤ እሱን ለመጻፍ ግን ዛሬ አቅም አጣሁ።

አትቀየመኝ። በየዕለቱ ስምህን እጠራለሁ።

ታታ ኦባዲያ ፒኖክ


ከስደተኞች ማቆያ፣ ኒው ዮርክ ወደብ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1938

ለተከበሩ ታታ ኦባዲያ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ስለ ጉልበትዎ አዘንኩ። ስለ እኔ ጤና፣ ባለፈው «ደኅና ነኝ» ያልኩት ደብዳቤያችንን የሚያነበው መኮንን እንዳይደሰት ብዬ ነበር። አሁን እሱም ሰለቸኝ። ልቤ ደክሟል። ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ ባቡር አፏጫለሁ።

የምንተኛው አንድ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። ከጎኔ ያለው የባርቤዶስ ሰው የመርከብ ከሰል ጫኝ ነው። የመጣሁ ቀን አይቶኝ ከአልጋው ተነሣ። «ካፒቴን ብራምዌል! እርስዎም?» አለኝ፣ በማኅበሩ ማዕረጌ ጠርቶ። «እኔም» አልኩት። «እንግዲያውስ አለቀልን» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ታታ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚህ ግን ያጎበጠኝ የለም።

ከዚህ አዳራሽ በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት የደሴት ሰው አስወጣሁ። የልብስ አጣቢዎቹን፣ የወደብ ሠራተኞቹን፣ የሆቴል አሳላፊዎቹን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «የት ተወለድክ?» ስላቸው አንዱም አያመነታም። እኔን ዳኛው ሲጠይቀኝ በስብሰባ አዳራሽ እንደማደርገው ቆሜ «በጃማይካ ተራሮች፣ እንግሊዝ ተዋግቶ ባላሸነፋቸው ሕዝቦች መካከል» አልኩ። እንግሊዞቹ መዝገባቸውን አገላብጠው «እንዲህ ያለ ሰው አልተወለደም» ብለው መለሱ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አውልቆ «ሚስተር ብራምዌል፣ ሰው እኮ የሆነ ቦታ መወለድ አለበት» አለኝ።

እንግዲህ አሜሪካ አልፈልግህም ትላለች፤ የሚቀበለኝ አገር እስኪገኝ ደግሞ አትለቀኝም። ኪንግስተን ያሉት ወገኖቼ መኖሪያ አዘጋጅተውልኛል። የጎደለኝ የአንድ ሽማግሌ ቃል ነው። ታታ፣ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ዋሽቶም የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ አልተወሰደበትም። እኔ የለመንኩዎት አንዷን ነው። ደግሞስ በእሱ ስም ኬፋ ብለው የጠሩኝ እርስዎ አይደሉ?

«አላየሁም» ብለዋል። እንግዲያውስ ያዩትን ይጻፉልኝ። እናቴ «ተራራው ላይ ነው የወለድኩህ» እያለች አሳደገችኝ። እኔም ይህንኑ ለሺህ ሰው ተናገርኩ፤ ሰው በዚህ ቃል ቀና ብሎ ሲሄድ አይቻለሁ። ሌላ ነገር ካለ ግን አሁን ልስማው። ለረጅም ዝምታ የሚበቃ ልብ የለኝም።

ኬፋ


ሊሞን፣ ሜይ 1 ቀን 1938

ለልጄ ለኬፋ፣

ልብህን እግዚአብሔር ይደግፍልህ። የባርቤዶሱን ሰው ነገር አንብቤ ምሳዬን ተውኩት።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ሳልቀድ እጽፈዋለሁ።

የተወለድከው በሃያ ስምንት ማይል ነው። ከሊሞን የሚነሣው የባቡር ሐዲድ ሃያ ስምንተኛ ማይል ላይ፣ ኩባንያው ለሠራተኛ በሠራው ረድፍ ቤት፣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣ በኖቬምበር 1890። አዋላጅህ የእኔ ዶርካስ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ያዋለደችው ሁለተኛው ሕፃን አንተ ነህ። እናትህ ኬቱራ ከተራራው ሰዎች መወለድዋ እውነት ነው። አንተን ግን የወለደችው እዚህ፣ ከጭቃው መካከል ነው። የተራራውን ነገር የነገረችህ፣ ልጄ የሚመለስበት ቦታ ይኑረው ብላ ይመስለኛል። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ይሄ ገና ቀላሉ ነው።

አንተ በተወለድክ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ፓኛ፣ የዚህ አገር መንግሥት ጸሐፊ፣ በእጅ በሚገፋ የሐዲድ ጋሪ መጣ። ትልቅ መዝገብ በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። በመስመሩ ላይ የተወለዱትን ሕፃናት ሊጽፍ ነው። እስፓኝኛ የምሰማ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሴቶቹ ከበቡኝ።

«ኦባዲያ፣ ሰውየው ምን ፈለገ?» አለች ቪና፣ የአልፍሬድ እናት።

«የልጆቻችንን ስም።»

«ስማቸውን ምን ሊያደርገው? ቀቅሎ ሊበላው ነው?»

እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ማንበብ እችላለሁ፤ እሁድ ቃሉን የማነብላቸው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ መደመጥ ይጣፍጠኝ ነበር። «መዝገባቸው የግብር እና የወታደር መዝገብ ነው። እኛ የእንግሊዝ ንግሥት ሰዎች ነን። ለገና አገራችን እንገባ የለም ወይ? ልጆቻችንን እዚያ በእንግሊዝኛ እናስመዘግባለን» አልኩ። «አሜን» አሉኝ፤ ስብከት መስሏቸው።

ዶርካስ እጄን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ስም ቢጻፍ ምን ይጎዳል? ይጻፍላቸው» አለችኝ። «አንቺ ዝም በይ» አልኳት። ዝም አለች።

በዚያን ቀን አራት ሕፃናት ነበራችሁ። አንተና አልፍሬድ በሚስ ኤዝሜ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝታችሁ የቪና አንሶላ ላያችሁ ላይ ተጣለ። ሁለቱን ወደ ሙዙ ውስጥ ይዘዋቸው ገቡ። ጸሐፊው «ሕፃን የለም?» አለኝ። «የለም» አልኩት። ውሃ ጠጣ፤ አመሰገነን፤ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። በኋላ ሳቅን። ኬፋ፣ እንዴት እንደሳቅን!

ገና መጣ፤ ሌላ ገና መጣ። «የሚመጣው ዓመት እንገባለን» ስንል እነሆ አርባ ስምንተኛው ገና አለፈ። ቪና በ1912 ብቻዋን ጃማይካ ገባች፤ አልፍሬድ እርሻውን ትቶ አልሄድም ብሎ ቀረ። ማንበብም መጻፍም ስለማትችል ከእሷ ወዲህ ቃል አልመጣም። አልፍሬድ ያን ምድር ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አለማው። አምና የመሬት ወረቀት ሲሰጥ ተሰልፎ ቆመ፤ «የየት አገር ሰው ነህ?» አሉት። እዚህ ነው የተወለድኩት አለ። መዝገቡ ውስጥ የለም። መሬቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ዶርካስ ያን ቀን ያለችኝን አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችብኝም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ እኔ ዋሽቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። አንድ ውሸቴ ያለ አገር አስቀረህ፤ በሁለተኛው አገር ልሰጥህ አልችልም። ጠይቄያለሁ፦ በዘገየ ምዝገባ፣ ልጁ ሲወለድ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች ከማሉ መዝገቡ ይቀበላል። እኔ አለሁ፤ ሚስ ኤዝሜ አለች። መዝገቡ ከተቀበለህ የዚህ አገር ቆንስል መሳፈሪያ ሊከለክልህ አይችልም አሉኝ። ያለ ፈቃድህ ግን ስምህን አልሰጥም፤ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅህ ወስኜብሃለሁና።

ኦባዲያ


ከማቆያው፣ ጁን 3 ቀን 1938

ታታ፣

አይሆንም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጥቁር ሕዝብ «ከማይሸነፉት ነኝ፤ እናንተም ናችሁ» ብዬ አሁን ከሙዝ ኩባንያ ረድፍ ቤት ሦስተኛ ክፍል ልምጣ? ጠላቶቼ ከበሮ ይመቱበታል። ደግሞ በፓኛ መዝገብ! አባቴን በዳይናማይት ፍንዳታ ቀብረው ለእናቴ ባርኔጣውን ያመጡላት ሰዎች አገር ዜጋ ልሁን?

እርስዎን ግን ልረግም ቃል ስፈልግ አጣሁ። ይህም አናደደኝ።

ጁን 11

ደብዳቤውን ሳልልከው ሰንብቷል። ታምሜ ነበር። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠና ሌላ ሐኪም ጠርቶ አስደመጠው። ሁለቱም በጣም ትሑት ሆኑብኝ።

የባርቤዶሱ ሰው ትናንት ሄደ፤ የእሱን ማመልከቻ እዚሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጻፍኩለት። «የት ተወለድክ?» ስለው «ሴንት ፊሊፕ፣ ከሸንኮራ ማሳው ጀርባ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት» አለኝ፤ ያለ እፍረት፣ ያለ ኩራት። ጽፌለት ስጨርስ «የእርስዎስ ካፒቴን? ቤቱ ያፈስ ነበር?» አለኝ። እንደሚያፈስ ትዝ አለኝ፤ እናቴ ድስት ታስቀምጥበት ነበር። ለካስ እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያስመዝግቡኝ። በመጽናናት አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ዘንድሮን ባላልፈው እንኳ ከሰው መካከል ልሙት።

ኬፋ


ሊሞን፣ ጁላይ 18 ቀን 1938

ለልጄ ለኬፋ፣

ወረቀቱን ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬዋለሁ። በእስፓኝኛ ነው፤ ስምህን ግን አልቀየሩትም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። መዝገብ ቤት ከመሄዴ በፊት ለጸሎት ቤቱ መናገር ነበረብኝ፤ ከጀርባቸው ሄጄ ብምል ሁለተኛ መደበቅ ይሆንብኛል ብዬ ነው። እሁድ ቃሉ ከተነበበ በኋላ ተነሥቼ ሁሉን ተናገርኩ። አልፍሬድ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ታታ፣ ጸሐፊው ውሃ ጠጣ ወይ?» አለኝ።

«ጠጣ።»

«ማን ቀዳለት?»

«እኔ።»

«መልካም አስተናጋጅ ነህ» አለ። ከዚያ ጮኸ። «መሬቴ ለሌላ ሰው ሲሰጥ አንተ መጥተህ ጸለይክልኝ። ጸለይክልኝ እኮ! እጅህን ራሴ ላይ ጭነህ!» ባርኔጣውን አነሣና ወጣ። ሚስቱና ልጆቹም ተከትለውት ወጡ። ዲያቆንነቴን በዚያው ቀን ለመጋቢው መለስኩ። አልለመነኝም፤ እኔም እንዲለምነኝ አልጠበቅሁም።

ሐሙስ ዕለት ሚስ ኤዝሜን ይዤ ሄድኩ። ባለ ጽጌረዳ ባርኔጣዋን አድርጋለች። ጸሐፊው ዶን ኤውሴቢዮ ይባላል፤ ብዕሩን ነክሮ ጠበቀኝ።

«ሕፃኑን አምጥተኸዋል?» አለ።

«አርባ ሰባት ዓመቱ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ትንሽ ዘግይተሃል፣ ዶን ኦባዲያ።»

«መንገዱ ጭቃ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን ልስቅ አልቻልኩም።

እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተመዘገበ ምክንያት ይጻፍ አለኝ። ሰዎች «አባትየው ታሞ ነበር በል» ብለውኝ ነበር። «ጸሐፊው መጥቶ ነበር፤ እኔ ዋሽቼ መለስኩት» አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን ብጽፍ ሊያስጠይቅህ ይችላል» አለ። «ጻፈው» አልኩት። እሱ ግን ብዕሩን አንሥቶ «በቤተሰብ አለማወቅ» ብሎ ጻፈ። ልክ አይደለም ብዬ ስቃወም «ሽማግሌ፣ ንስሐህን ለመጋቢህ ስጥ፤ እኔ ያለኝ ቦታ አንድ መስመር ነው» አለኝ።

ሚስ ኤዝሜ ተራዋ ደረሰ። ሲወለድ አይተሻል ወይ ብሎ በጆሮዋ ጮኸባት። «አይቻለሁ ወይ? የማጠቢያ ገንዳዬን ሙሉ ያበላሸው ማን ሆነና! ጻፍ እሱንም!» አለች። ጣቷን ቀለም ነክራ ከአንድ ቦታ ይልቅ ሦስት ቦታ አተመች።

ከመዝገብ ቤቱ ስወጣ ዘመኔን ሙሉ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። ምናልባት ይህ የሚቀልል ዓይነት አይደለም። የአንተ ስም ገባ፤ የአልፍሬድን ልስጥ ብዬ ሁለት ጊዜ ሰው ብልክበት «ስሜን እንዳትነካ» አለኝ። መብቱ ነው።

ሐኪሞቹ የሚሉህን ስማ። ጨው አታብዛ።

ኦባዲያ


ኮሎን፣ ፓናማ፣ ከመርከብ ላይ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1938

ለታታ ኦባዲያ፣

እንዴት እንደሆንኩ ከቆንስሉ ጠይቀው ኖሯል፤ እነሆ ራሴ እጽፋለሁ። አለሁ። ወረቀትዎን ዳኛው ሁለት ጊዜ አንብቦ «እንግዲህ ተወልደዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጫኑኝ። አሁን ከመርከቡ አንድ ሰው ትኩሳት ስለያዘው እዚህ አሥራ ሁለት ቀን ያቆዩናል። ይህን ደብዳቤ በጠረፍ ጀልባ የሚልክልኝ ሰው አግኝቻለሁ።

የኪንግስተኑን ነገር ልንገርዎ። ሊሞን የመወለዴ ወሬ ከእኔ ቀድሞ በጋዜጣ ደርሷል። መርከቡ ሲቆም መኮንኑ «የዚህ አገር ሰው ስላልሆንክ አትወርድም» አለኝ። ሕዝቡ ግን በታንኳ መጣ። ባንዲራ ይዘዋል፤ ይዘምራሉ። የመርከቡን ጠርዝ መከታ ተደግፌ ቆምኩ። እጄን ሳነሣ ዝም አሉ፤ የድሮው ነገር አሁንም ይሠራል።

ከፊት ካለው ታንኳ አንድ ወጣት «ካፒቴን፣ ተራራው የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። «ተራራ የለም» አልኩ። «ሊሞን፣ ሃያ ስምንት ማይል፣ ረድፍ ቤት፣ ሦስተኛው ክፍል። ጣሪያው ያፈስ ነበር።»

ታንኳዎቹ መዞር ጀመሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ባንዲራውን ጠቅልለው ሲሄዱ ጀርባቸውን አየሁ። ታታ፣ የሠላሳ ዓመት ሥራዬ እየቀዘፈ ሲሄድ አየሁት።

ያኔ ከኋላ ከቀሩት አንዲት አሮጊት ተነሥታ ቆመች፤ ሁለት ሰው ይዟታል። «ሃያ ስምንት ማይል ነው ያልከው?» አለች። «ጋዜጣውን ሲያነቡ ሰምቼ ሁለት ቀን በእግሬ መጣሁ! አልፍሬድን ታውቀዋለህ? የቪናን ልጅ!»

«አብረን አንድ ገንዳ ውስጥ ተደብቀናል» አልኳት።

«አንተ ነሃ አንሶላዬን ያበላሸኸው!» አለች፤ ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን እያለቀሰች ነበር። «እናትህ አልሞተችም በለው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነኝ በለው። ስሄድ ባርኔጣህን አላነሣህልኝም በለው፤ አልተቀየምኩም በለው!»

ከዚያ ሌላው ተነሣ። «ወንድሜ ሊሞን ነው፣ ኤግበርት ይባላል፣ ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም!» ሌላዋ «ባሌ ሲኪሬስ ከተማ ነበር፤ ካገባም አገባ፤ ብቻ ይናገር!» ዞረው ይሄዱ ከነበሩትም ተመለሱ። ሁሉም ባንድ ላይ ሲጮሁ «አንድ በአንድ! ቀስ! ስሙን ንገሩኝ!» አልኩ። ከመርከቡ ጸሐፊ ወረቀት ለመንኩ። መልሕቅ እስኪነሣ ጻፍኩ። በሕይወቴ ሕዝብ ፊት ቆሜ እኔ ሳልሆን ሕዝቡ የተናገረበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

ስልሳ ሁለት ስም ነው። ልቤ ስለማያስተማምን ዝርዝሩን አሁኑኑ ልኬልዎታለሁ፤ እኔ ባልደርስ እሱ ይድረስ።

ኬፋ


ሊሞን፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1938

ለልጄ ለኬፋ፣

ዝርዝሩ ደረሰ፤ አንተም ትደርሳለህ። የመጋቢው ሚስት የታችኛውን ክፍል ለአንተ ጠርጋለች፤ ደረጃ የለውም። የሚቀበልህ የሙዚቃ ባንድ እንደሌለ አስቀድሜ ልንገርህ። ሚስ ኤዝሜ ግን ወደብ ካልሄድኩ ብላለች፤ የገንዳዋን ነገር በሰው ፊት ታነሣብሃለች፤ ቻለው።

ስሞቹን ገበያው ደጃፍ ቆሜ አነበብኳቸው፤ የጸሎት ቤቱ መድረክ አሁን የእኔ አይደለም። እስካሁን አሥራ አንድ ተገኝተዋል። አራቱ ሞተዋል፤ መቃብራቸውን አሳይተውኛል። ኤግበርት አለ፤ ሦስተኛ ጣቱንም አጥቷል። ሲኪሬስ የነበረው ባል አግብቷል፤ አልናገርም ብሎ ሸሸ፤ በማግስቱ ተመልሶ «ዓይኗ እንዴት ነው በልልኝ» አለ።

ስለ አልፍሬድ መጀመሪያ ልትሰማ የፈለግከውን በመጨረሻ የጻፍኩት ወግ ለማሳመር አይደለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለመሄድ ፈርቼ ነበር። በየደጁ ለሌላው ሰው ስም አድርሼ የእሱን ደጅ ሦስት ቀን ዘለልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዛሬ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። አንኳኳሁ።

«ማን ነው?»

«ኦባዲያ።»

«ስሜን እንዳትነካ ብዬሃለሁ።»

«ያንተን አይደለም። የእናትህን ይዤ ነው የመጣሁት።»

ደብዳቤህን አውጥቼ ለተዘጋው በር አነበብኩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነኝ ያለችውን፣ ስለ ባርኔጣው ያለችውን፣ ሁሉን። ስጨርስ ከውስጥ «ድገመው» አለ። ደገምኩ። «አልተቀየምኩም ነው ያለችው?» አለ። «እንደዚያ ነው የተጻፈው» አልኩት። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ከበሩ ወዲያ ተቀመጠ። እኔም ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ ከበሩ ወዲህ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሩን አልከፈተውም፤ እኔም ክፈትልኝ አላልኩትም።

«የሌሎቹስ እናቶች?» አለኝ። «ሁሉንም አንብበው።»

ከመጀመሪያው ስም ጀመርኩ።

ኦባዲያ